ሁሩሙ ሰባት

ጋሼ ወልደሰንበት ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተደፍቶ የተገኘው በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያገኘችው ጨው ልትገዛ የገባች ሴት ናት። እሷ ስትጮህ ግማሹ የመቱ ገበያ ተግተልትሎ ሱቁ ውስጥ ገባ። እኔ ስደርስ የገዳዩ ዱካ ይቅርና የራሴን እግር የማሳርፍበት ቦታ አልነበረም። ፖሊስ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከገዳይ ይልቅ ያስቸገረኝ ተመልካች ነው።

መቶ አለቃ ጎንፋ እባላለሁ። ያኔ የመቱ ወንጀል ምርመራ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ክፍሉ ማለት እኔ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ብስክሌት ነን። ባልደረቦቼ «ለምን» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ምን ላድርግ፣ ነገር ካልገባኝ ምግብ አይወርድልኝም።

ሟቹ የተመታው በራሱ ሚዛን የሁለት ኪሎ ብረት፣ ከኋላ ነው። የተሰረቀ ዕቃ የለም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያላሰብነው ዶፍ ወርዶ ገበያተኛው በየክፈፉ ሥር ተጠልሎ ስለነበር ወደ ሱቁ ማን እንደገባ ያየ የለም። ባንኮኒው ላይ ግን የስልክ ቤት ማኅተም ያለበት ፒንሳ ተቀምጧል።

የፒንሳው ባለቤት ዲንቃ ነበር፣ የስልክ መስመር ሠራተኛው። ጠዋት የሱቁን ስልክ ሊጠግን መጥቶ ከወልደሰንበት ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታሰረ።

እሑድ ጠዋት የአዛዣችን የሻለቃ ፍቅርተማርያም ቢሮ ገባሁ። ሻለቃ ቆፍጣና፣ እጁ ንጹሕ ሰው ነው፤ አንዴ የተናገረውን መልሶ መዋጥ ግን ሞቱ ነው።

«ወልደሰንበት ነጋዴ ብቻ አይደለም፣ የቀበሌ ጸሐፊ ነው» አለኝ። «የቀበሌ አመራር የገደለ ፀረ አብዮተኛ ነው። ዲንቃ ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይላካል።»

እንዲህ ያለ ክስ ተሸክሞ የሄደ ሰው እንደማይመለስ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሻለቃ፣ ሸዋንግዛውስ?» አልኩ። ሸዋንግዛው የሟቹ እህት ባል ነው፤ ሁሩሙ ሱቅና አንድ ጭነት መኪና አለው። «ወር ሙሉ እዚያ ሱቅ እየመጣ ከሟቹ ጋር ሲነታረክ ከርሟል ይላሉ ጎረቤቶቹ።»

«እሱን እንኳ ተወው!» ሻለቃው ጠረጴዛውን መታ አደረገ። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ላይ ሁሩሙ ደውዬ እኔ ራሴ አነጋግሬዋለሁ። ለሰኞ መኪናውን ፈልጌው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኛል። ‹ሁሩሙም ዘነበ እንዴ?› ብለው ‹ዶፍ ነው ሻለቃ› አለኝ። በዚያ ጭቃ ከሁሩሙ መቱ በሃያ ደቂቃ በምን በርሮ መጣ?»

ምን ይባላል? የተጠርጣሪዬ ምስክር የአዛዤ ጆሮ ነው። ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ።

ዲንቃ እስር ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የስልክ እንጨት ሲወጣ ኖሮ ጉልበቱ የጠነከረ ጎልማሳ።

«ከዋቃ በታች እርስዎ ነዎት፣ መቶ አለቃ» አለኝ። «ፒንሳውን ጠዋት ረስቼው ነው። ጭቅጭቁም ሌላ አይደለም፤ ጥገናውን ሦስት ቀን አዘገየህብኝ ብለው ተቆጡኝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሱቁ ጓሮ፣ እንጨቱ ላይ። ዝናቡ ሲመጣ ከእንጨቱ ወርጄ ክፈፉ ሥር ቆምኩ። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ በሚገባበት በኩል የመፈተኛ ስልኬን ሰካሁ፣ ሰው እያወራ ነው። ወዲያው ነቀልኩት።»

«ማን ነው የሚያወራው? ምን ይላል?»

«ኧረ መቶ አለቃ! የሰው ወሬ መስማት ክልክል ነው እኮ። መስመሩ ሠርቷል፣ ሥራዬ አለቀ። ዶፉ ቀለል ሲል ሄድኩ።»

ወይ አምላኬ! ሰውየውን ሊያስገድለው የደረሰው ደንብ አክባሪነቱ ነው። አንዲት ቃል ሰርቆ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት?

በሩ ላይ ሚስቱ ዲሪቤ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። «ኖፓ ሄጄ አባቱን ላምጣለት» አለችኝ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነው። ግን ልጃቸውን ሳያዩ ከተወሰደ ምን እላቸዋለሁ?» አንዱ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ሄደች።

ከዚያ ወደ ስልክ ቤት ሄድኩ። ዲንቃ እውነቱን ከሆነ በዚያ ዶፍ መሀል የሱቁ ስልክ፣ ማለት መቱ 31፣ ሰው እያወራበት ነበር። ያን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እትዬ ሸዋርካብሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ያችን የማዞሪያ ሰሌዳ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ማዳመጫው ከሻሻቸው በላይ ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ሳይ የመጣሁበትን ረሳሁ።

«እትዬ፣ ይህ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ፊታቸው ፈካ። «እያንዳንዷ ቀዳዳ አንድ ቤት ናት። ሰውየው ቤቱ ሆኖ መዘውሩን ሲያሽከረክር የሱ ክዳን እዚህ ጠብ ትላለች። አንዱን ገመድ እሰካና ‹ማንን ልጥራ?› እላለሁ። ቲኬት እጽፋለሁ። ሁለተኛውን ገመድ የተፈለገው ቤት እሰካለሁ፣ እደውላለሁ፣ አለቀ። የመቱ ስልክ፣ የሁሩሙ ስምንቱ፣ የኖፓ ሦስቱ፣ ሁሉም እዚህ ነው የሚገቡት።»

«ታዲያ ይህ ሰሌዳ የአገሩን ሰው ሁሉ ያውቃል በሉኛ!»

«ሰሌዳማ ምን ያውቃል? ቀዳዳ ነው። ገመዱም ገመድ ነው» አሉና በጣታቸው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። ወዲያው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

የቅዳሜን ቲኬቶች አሳዩኝ። እውነትም አለ፦ ከመቱ 1፣ ማለትም ከሻለቃው ቢሮ፣ ወደ ሁሩሙ 7፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር፣ ሦስት ደቂቃ። ሁሩሙ 7 የሸዋንግዛው ሱቅ ነው።

«በዚያ ሰዓት መቱ 31ን የጠየቀ ሰው ነበር?»

«31ን የጠየቀ የለም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳያነሡ።

ግድግዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ኦፕሬተር የተጠየቀውን ቁጥር ብቻ ያገናኛል። ይህን የተላለፈ ከሥራ ይሰናበታል።» ከሥሩ የእትዬ ሸዋርካብሽ ፊርማ አለ፤ ከተፈረመ ሳምንት አልሞላውም። አየሁት፣ ግን ዝም ብዬ አለፍኩት። ጅል!

«አሁን ወዴት ነዎት?» አሉኝ ስወጣ።

«ሁሩሙ።»

ትንሽ አሰቡ። «መልካም መንገድ» አሉ። ደረጃው ላይ ሆኜ ዞር ስል አሁንም ያዩኛል።

ሁሩሙ ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያው ገባ ብዬ ወደ ሸዋንግዛው ሱቅ እንደምሄድ ነገርኳቸው። ሸዋንግዛው ራሱ መቱ ለቅሶ ላይ ነው። የሱቁ ጸሐፊ ገና ሳልጠይቀው «ጋሼ ቅዳሜን ሙሉ ቀን እዚሁ ነበሩ» አለኝ። እንደ ዳዊት ነው ያነበነበው። ደግሜ ብጠይቀው ያንኑ፣ በዚያው ቃል መለሰልኝ። ደስ አላለኝም፤ ግን አነጋገሩ ደስ አላለኝም ብዬ ሰው አላስር።

ከሱቁ ወጣሁ። ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ፤ እኔና ሻይ ደግሞ አንተላለፍም። ባለቤቷ እትዬ ሻሽቱ ብርጭቆ አቀረቡልኝ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ። ከደጁ ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ቀይ ቡና ተሰጥቷል።

«ትናንት ያ ዝናብ ቡናችሁን አላበሰበሰባችሁም?» አልኳቸው።

«የምን ዝናብ?»

«የትናንቱ ነዋ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ።»

«አንቱ ሰውዬ ሌላ አገር ነው የዋሉት? ሁሩሙ ትናንት ጠብ አላለም። ቡናው ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ነው የገባ።»

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሻለቃው የሰማው የቆርቆሮ ድብደባ እንግዲህ ከየት መጣ? ሰውየው ሁሩሙ፣ ዝናቡ መቱ! እያሰብኩ ሳለ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እትዬ ሻሽቱ አንሥተው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«መቶ አለቃ ጎንፋ የሚሉት እርስዎ ነዎት? ከመቱ ይፈለጋሉ።»

እዚያ መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ራሴ ከአምስት ደቂቃ በፊት አላውቅም ነበር።

«ጎንፋ!» አለ የሻለቃው ድምፅ። «ጣቢያ መገኘትህ ደግ ነው። ሰዎቹ ሥራቸው ላይ ናቸው?»

ዙሪያዬን አየሁ። አንድ ጥግ ሁለት ገበሬዎች ሻይ ያቀዘቅዛሉ። «ና... ናቸው፣ ሻለቃ» አልኩ። አፌ ነው የመለሰው።

«ስማ፣ ከላይ ቸኩለዋል። ዲንቃ ነገ አይደለም የሚሄደው፣ ዛሬ አስር ሰዓት ነው። በሸዋንግዛው መኪና እንልከዋለን። ሪፖርትህን ይዘህ ና።»

ስልኩን ሰቀልኩና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሻለቃው ጣቢያ ደወለ፤ እኔ ሻይ ቤት አነሣሁ። ጣቢያ ነህ አለኝ፤ እኔም አዎ አልኩት። ሻለቃው አሁን ቢጠየቅ ጎንፋን ጣቢያው ውስጥ አነጋግሬዋለሁ ብሎ ይምላል!

ሻዬን እንኳ አልጨረስኩም።

መቱ የገባሁት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በቀጥታ ስልክ ቤት ሄድኩ።

«እትዬ፣ የዛሬውን የሻለቃውን ቲኬት ያሳዩኝ።»

አውጥተው ሰጡኝ። ከመቱ 1 ወደ ሁሩሙ 2። ሁሩሙ 2 ፖሊስ ጣቢያው ነው፤ የሻሽቱ ሻይ ቤት ግን ሁሩሙ 4።

«እኔ እዚህ ቁጥር ላይ አልነበርኩም» አልኩ።

«አልነበሩም» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። «ቲኬት የሚጻፈው ሰው ሲጠይቅ ነው፣ ሳላገናኝ በፊት። የተጠየቀውን እጽፋለሁ። ከዚያ ሰውየውን እፈልጋለሁ።»

«ለምን? የጠየቁት ቁጥር ነው እኮ!»

«አይ መቶ አለቃ፣ ሰው የሚፈልገው ሰው ነው እንጂ ቁጥር መች ይፈልጋል? ሐኪሙ ቤቱ ከሌለ ለቅሶ ቤት እፈልገዋለሁ። ሚስቱ ምጥ የያዛት ሰው ቢሮው አልተገኘም ብዬ ዝም ልበል? ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ያ አዲሱ ኃላፊያችን ነው ክልክል ነው ብሎ ያስፈረመኝ።»

ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ የስልክ መሐንዲስ ስለ አዲሱ ዘመን መረብ ሲያስረዳኝ፣ የሚያገናኘው መሣሪያ ሌላ፣ የሚያስበው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ቁጥርህ አንተ የሄድክበት ይከተልሃል አለኝ። እንደ ተአምር ነበር የሚያወራው። ስስቅ ግራ ተጋባ። እኔ ያን አገልግሎት ሻሽቱ ሻይ ቤት ቆሜ እንዳገኘሁት በምን ያውቃል?

«ቅዳሜስ?» አልኳቸው። «ሻለቃው ሁሩሙ 7 ሲሉዎት?»

ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ደወልኩ። ጸሐፊው ‹ጠዋት መቱ ወጥተዋል› አለኝ። ሸዋንግዛው መቱ ከመጣ ከአማቹ ሱቅ አይጠፋም። 31 ደወልኩ፣ ወልደሰንበት አነሣ። ‹ሸዋንግዛው እዚያ አለ?› ‹አለ፣ ይኸው ቆሟል።› ‹ሻለቃው ናቸው፣ ስጠው› አልኩና አገናኘሁ።» እንባቸው ወረደ። «የዚያን ሰው የመጨረሻ ቃል የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ተናደድኩ። ከልቤ ተናደድኩ። «ጠዋት ስጠይቅዎ 31ን የጠየቀ የለም አሉኝ! ሰው ሊሞት ነው እኮ፣ እትዬ!»

«የጠየቀማ የለም። ዋሸሁ?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «ፈራሁ። ፊርማዬ ያው ግድግዳው ላይ ነው፤ ጡረታዬ አራት ወር ቀርቶታል። የባለ ሥልጣን ስልክ የት እንደደረሰ ለማንም ላንናገር ደግሞ ምለናል። ሻለቃው ሁሩሙ ነው ካሉ እኔ ማን ነኝ ‹ተሳስተዋል› የምለው? ግን ዲንቃ እዚህ ሰሌዳ ሥር ነው ሥራ የለመደው። መናገሩ ቢያቅተኝ ላሳይዎት አሰብኩ። ሻለቃው ጣቢያውን ሲጠይቁኝ ሆን ብዬ ሻሽቱ ጋ ደወልኩልዎ።»

«ሻይ ቤት መሆኔን በምን አወቁ?»

«ወይ ጉድ! ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ሁሩሙ ሄዶ የት ይቀመጣል?»

ወረቀት አወጣሁ። ከዚያ ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። «እትዬ፣ ይህን ቃል ከፈረሙ ሥራዎ ይሄዳል።»

«ዲንቃ ይፈታል?»

«ይፈታል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጻፍ እንጂ!»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረቀቱን ሻለቃው ፊት አኖርኩ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ጆሮው ቀላ።

«እኔ ያነጋገርኩት ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነው እያልከኝ ነው?»

«የሰሙት ዝናብ የእኛው ዝናብ ነው፣ ሻለቃ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የሸዋንግዛው መኪና ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ዲንቃን ይጠብቃል። «ሞተሩን አጥፉ!» ብሎ ጮኸ። «ሸዋንግዛውን ከለቅሶው አምጡልኝ።»

ሸዋንግዛው ጥቁር ለብሶ ገባ። ሻለቃው እንዲቀመጥ ጋበዘው፤ በለሆሳስ ነበር የሚያናግረው።

«ቅዳሜ ስንነጋገር ሁሩሙ ዶፍ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ፣ ሻለቃ። ከባድ ዶፍ።»

«መኪናህ ጭቃ ያዘው?»

«ኧረ ጎማው እስኪዋጥ!»

«የሁሩሙ ሰው እኮ ቡናውን አስጥቶ ነው የዋለው።»

ሸዋንግዛው ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ በሩ ዞረ። «የ... የእኛ ሰፈር ብቻ ይሆናል» አለ። የእትዬ ሸዋርካብሽን ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ይኸው ቆሟል» የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«አውቆብኝ ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «መኪናዬ ቡና ደብቆ በኬላው እንደሚያልፍ። ለሻለቃው እነግራለሁ እያለኝ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አንሥቶ ‹ሻለቃው ናቸው› ሲለኝ ቀኔ የደረሰ መሰለኝ። እርስዎ ግን ‹ሁሩሙም ዘነበ እንዴ?› አሉኝ። ሁሩሙ ያለሁ መሰልዎት። ስልኩን ስሰቅል እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፣ ብረቱም እዚያው ነበር።»

ሻለቃው ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ስልክ ባልደውል ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በስልክ ሲያነጋግረኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የት እንዳለሁ ነው።

ዲንቃን አስፈታን። ሰውየው ግን አልሳቀም፣ አላመሰገነም፤ ቀበቶውን እንኳ ሳይታጠቅ «አባቴ!» አለ። «ዲሪቤ ይህን ነግራው ከሆነ ልቡ አይችልም። ወይ መንገድ ላይ ይወድቃል። መፈታቴን ሳይሰማ እንዳይነሣ!»

ከሻለቃው ቢሮ ደወልን። ያነሣችው ሌላ ኦፕሬተር ናት፤ ኃላፊው ወሬውን ሰምቶ እትዬ ሸዋርካብሽን ከወንበራቸው አስነሥቷቸዋል። ኖፓ 1ን ጠየቅን። «አይመልስም» አለች። ኖፓ 1 የመንግሥት ቢሮ ነው፤ እሑድ ስለሆነ ዝግ ነው። «ሌላ ቦታ ፈልጊያቸው» ብላት «ይቅርታ፣ የተጠየቀውን ቁጥር ብቻ ነው» አለች። ማስታወቂያውን ከግድግዳው እያየች እንደምታነብልኝ አልተጠራጠርኩም።

ሻለቃው እጀታውን ከእጄ ነጠቀ። «ኃላፊሽን አቅርቢልኝ!... ስማ ወንድሜ፣ ስልክ ቤቱ የኔ አይደለም፣ አዝሃለሁ አልልም። እለምንሃለሁ። ሴትዮዋን ለአንዲት ጥሪ ወንበሩ ላይ መልስልኝ።»

ሻለቃው ሲለምን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኃላፊውም ለአንዲት ጥሪ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ እትዬ ሸዋርካብሽ ያ ወንበር ላይ አልተቀመጡም፤ ለጡረታቸውም ሁለት ዓመት ደጅ ጠንተዋል።

«ማንን ልጥራ?» አለ የማውቀው ድምፅ።

ዲንቃ ቁጥር አልተናገረም። «ዲሪቤን» አለ።

«ቆይ፣ ልጄ።»

ገመዱ ሲሰካ ተሰማን። ኖፓ 3፣ ክሊኒኩ፤ አስታማሚው ዲሪቤን በወንዙ በኩል ስታልፍ አይቻታለሁ አለ። ኖፓ 2፣ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን፤ ዘበኛው ሽማግሌውና ሴቲቱ አሁን መኪና ሊጠብቁ መንገድ ላይ ቆመዋል አለ። «ሩጥና ጥራቸው፤ ዲንቃ ነው በላቸው!» አሉት እትዬ ሸዋርካብሽ። እጀታው ወዲያ ማዶ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ፣ ግድግዳ ሲመታ ሰማን። ዲንቃ አይተነፍስም። ሻለቃውም ተነሥቶ ቆሟል።

ከዚያ የሩጫ ኮቴ፣ ከዚያም የሴት ትንፋሽ።

«ዲንቃ? ጂርታ?» አለች። አለህ ወይ ማለቷ ነው።

ዲንቃ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ጂራ» አለ። «አለሁ፣ ዲሪቤ። ለአባቴ አለ በይው።»